መስኩ ይጎትታል፣ ጄሉ ይለያል፦ ረጅሙ ዲኤንኤ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዲኤንኤ አሉታዊ ቻርጅ አለው፤ በረዘመ ቁጥርም ቻርጁ ይጨምራል። እንግዲያው የኤሌክትሪክ መስኩ ብዙ ቻርጅ ያለውን ረጅሙን ቁራጭ አብልጦ መጎተት ሲገባው፣ በአጋሮዝ ጄል ላይ የሚቀድመው ለምን አጭሩ ሆነ? ሥራው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ቮልቴጁን ከፍ ሳደርግስ ረጃጅሞቹ ቁራጮች ለምን ተደበላለቁብኝ? ደግሞም ያልተቆረጠ አንድ ዓይነት ፕላዝሚድ ብቻ ጨምሬ ሦስት ባንድ ያየሁት ከምን የተነሳ ነው?»

ጥያቄዎቹ የተነሱት ስለ ጄል ኤሌክትሮፎሬሲስ ነው፤ ይህም ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ መስክ ጎትቶ በጄል ውስጥ በማስኬድ በርዝመት የመለያ ዘዴ ነው። እኩል የተጓዙ ቁራጮች ተሰብስበው የሚሠሩት መስመር ባንድ ይባላል፤ ፕላዝሚድ ደግሞ በባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ሥር ስላላቸው ከመጀመሪያው ልጀምርና በእሱ ላይ ረዘም ላድርግ። የተነሱበት ሐሳብ ትክክል ነው፤ ረጅሙ ዲኤንኤ ብዙ ቻርጅ አለው፣ የሚያርፍበት ጎታች ኃይልም በዚያው ልክ ይበልጣል። ስህተቱ የሚገባው «ስለዚህ ይፈጥናል» የሚለው መደምደሚያ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ያለ ጄል፣ ብቻውን፣ ዲኤንኤን በርዝመት ለመለየት አይችልም፤ አጭሩንም ረጅሙንም እኩል ያስኬዳቸዋል። ርዝመትን የሚለየው ጄሉ ነው። ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች «ዲኤንኤ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ በመጠኑ ይለያል» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚያልፉት የመስኩና የጄሉ ድርሻ ተደባልቆ ይቀራል፤ እኔ በበኩሌ ይህ ዓረፍተ ነገር ለተማሪ እንዲህ ተጨፍልቆ ባይነገር እመርጣለሁ፤ የእርስዎ ጥያቄም የሚወለደው ከዚሁ ነውና።

በፈሳሽ ውስጥ ያለ ሞለኪውል ከከፍታ እንደተለቀቀ ድንጋይ እየፈጠነ አይሄድም። መስኩ በጎተተው ቅጽበት ውሃው ይይዘዋል፤ ጎታቹ ኃይልና ሰበቃው እኩል የሚሆኑበት ፍጥነት ላይ ወዲያውኑ ይደርስና በዚያው ይቀጥላል። ፍጥነቱን የሚወስነው እንግዲህ የቻርጁ ብዛት ለብቻው ሳይሆን ቻርጁ ለሰበቃው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ይህንን ፍጥነት ለመስኩ ጥንካሬ ስናካፍለው ደግሞ ተንቀሳቃሽነት የምንለውን፣ ማለትም የሞለኪውሉን የራሱን ጠባይ የሚገልጸውን ልክ እናገኛለን። ሁለት ሞለኪውሎች ተንቀሳቃሽነታቸው እኩል ከሆነ ቮልቴጁን የቱንም ያህል ብናበዛው፣ ሰዓቱንም የቱንም ያህል ብናስረዝመው አይለያዩም።

አሁን ወደ ዲኤንኤው እንምጣ። የዲኤንኤ ርዝመት የሚቆጠረው በቤዝ ጥንድ ሲሆን እያንዳንዱ የቤዝ ጥንድ ሁለት ፎስፌት አለው፤ እያንዳንዱ ፎስፌትም በምንጠቀምበት በፈር፣ ማለትም ፒኤቹን ሳይለዋወጥ በሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ፣ ፒኤች 8 አካባቢ፣ ፕሮቶኑን ጥሎ አንድ አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ 500 የቤዝ ጥንድ ያለው ቁራጭ 1000 ያህል፣ 5000 የቤዝ ጥንድ ያለው ደግሞ 10,000 ያህል አሉታዊ ቻርጅ ይሸከማል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ከዘንጉ ተጠግተው የሚቆዩት አዎንታዊ አዮኖች ያመክኑታል፤ ቅናሹ ግን ለአጭሩም ለረጅሙም በእኩል መጣኔ ስለሆነ ነገሩን አይለውጠውም። ጎታቹ ኃይል አሥር እጥፍ አደገ፤ እስከዚህ ድረስ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሰበቃውም ግን አብሮ አሥር እጥፍ አድጓል፤ አሥር ለአሥር ሲካፈል አንድ ነው።

ሰበቃው ለምን ከርዝመቱ ጋር እኩል ያድጋል? ይህ በራሱ ግልጽ ስላልሆነ ማብራራት ይገባኛል። ረጅም ዲኤንኤ በፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው እንደ ቀጥ ያለ ዱላ ሆኖ ሳይሆን እንደ ላላ የክር ልቃቂት ተጠቅልሎ ነው። ልቃቂቱ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር በውስጡ ያለውን ውሃ አብሮ ይዞ ይወርዳል፤ መሐል ላይ ያለውን ክር የውጪኛው ስለሚከልለው ሰበቃው ከርዝመቱ ባነሰ መጠን ያድጋል፤ በሴንትሪፊዩጅ ረጅሙ ከአጭሩ ቀድሞ የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ግን ዲኤንኤውን የከበቡት አዎንታዊ አዮኖች በተቃራኒው አቅጣጫ ይሳባሉ፤ ውሃውንም ይዘውት ይሄዳሉ። በልቃቂቱ ውስጥ ያለው ውሃ አብሮ መጓዙ ስለሚቀር እያንዳንዱ የክር ቁራጭ፣ ከውጭም ይሁን ከመሐል፣ ለብቻው ከውሃው ጋር ይፋተጋል። አሥር ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በገላጣ ሜዳ ላይ ሲራመዱ ፍጥነታቸው የአንዱ ሰው ፍጥነት ነው፤ መቶም ቢሆኑ ያው ነው። እያንዳንዱ በራሱ እግር ይሄዳልና አንዱ ለሌላው ጉልበት አይጨምርለትም፣ ሸክምም አይሆንበትም። ዲኤንኤም በነፃ ፈሳሽ ውስጥ እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንየው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በተለመደው የትሪስ አሴቴት በፈር ውስጥ፣ ያለ ጄል የተለካው የዲኤንኤ ተንቀሳቃሽነት ለአንድ ቮልትና ለአንድ ሴኮንድ 0.000375 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ርዝመቱ ከ400 የቤዝ ጥንድ ገደማ ካለፈ በኋላም ይህ ቁጥር አይለወጥም። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 5 ቮልት ብናውል፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 19 ማይክሮሜትር ያህል ይሆናል፤ በአንድ ሰዓት 6.75 ሴንቲሜትር ማለት ነው። 500 የቤዝ ጥንድ ያለውም፣ 5000 ያለውም፣ 50,000 ያለውም እኩል 6.75 ሴንቲሜትር ሄደው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ማለት መስኩ ምንጊዜም ብቻውን መለየት አይችልም ማለት አይደለም። ቻርጁ ለሰበቃው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ከሞለኪውል ሞለኪውል የሚለያይ ከሆነ መስኩ ያለ ማንም እርዳታ ይለያቸዋል። ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1937 የደም ሴረም ፕሮቲኖችን አልቡሚን፣ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ግሎቡሊን ብሎ የከፋፈለው ጄል በሌለበት፣ ዩ ቅርጽ ባለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ በነበረ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ባበረከተው ሥራም በ1948 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝቷል። ያ የሆነው ፕሮቲኖች እንደ ዲኤንኤ የአንድ አሃድ ድግግሞሽ ስላልሆኑ ነው፤ የእያንዳንዱ ፕሮቲን ቻርጅ በአሚኖ አሲዶቹ ዓይነትና በፒኤቹ ይወሰናል። ዘዴው ምን ያህል ስለታም እንደሆነ ለማየት የኬሚስቱን የላይነስ ፖሊንግንና የባልደረቦቹን የ1949 ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ጤነኛውን ሄሞግሎቢንና በማጭድ ሴል በሽታ የተያዙ ሰዎችን ሄሞግሎቢን በዚያው በቲሴሊየስ ዓይነት መሣሪያ አሂደው ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንደሚጓዙ አሳዩ። ኋላ እንደታወቀው ልዩነቱ በቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ግሉታሚክ አሲድ ቻርጅ በሌለው ቫሊን መተካቱ ነው፤ ሄሞግሎቢን ሁለት የቤታ ሰንሰለት ስላለው ከ64,000 ዳልተን በሚበልጥ ሞለኪውል ላይ የጎደለው የሁለት ቻርጅ ልዩነት ብቻ ነበር። ይህን ያህል ስለታም የሆነው መሣሪያ በ5000ና በ50,000 የቤዝ ጥንድ መካከል ያለውን የአሥር እጥፍ ልዩነት ግን ሊያይ አይችልም። የመስኩ አቅምና ድንበር ከዚህ በተሻለ የሚገለጽ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዲኤንኤን በርዝመት ለመለየት ሰበቃውን ከርዝመቱ በበለጠ ፍጥነት የሚያሳድግ ነገር መሐል ላይ መግባት አለበት። ያ ነገር ጄሉ ነው። አጋሮዝ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ የስኳር ሰንሰለት ሲሆን በፈላ በፈር ውስጥ ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝም ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ፈሳሹን በውስጡ የያዘ መረብ ይሠራሉ። የ1 በመቶ ጄል ከመቶው 99 እጅ ፈሳሽ ነው፤ በጣት ሲነካ ጠጣር ይምሰል እንጂ ለሞለኪውሉ በቃጫ የተሞላ ውሃ ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ከ100 እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ይደርሳል። 500 የቤዝ ጥንድ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ 170 ናኖሜትር ነው፤ ተጠቅልሎ ደግሞ 100 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያለው ልቃቂት ይሆናል፤ በአብዛኞቹ ቀዳዳዎች ሳይጨናነቅ ያልፋል። 5000 የቤዝ ጥንድ ያለው ግን ተዘርግቶ 1700 ናኖሜትር፣ ተጠቅልሎ ከ300 ናኖሜትር በላይ ነው፤ እንደ ልቃቂት ሆኖ ለማለፍ ቀዳዳው አይበቃውም።

ታዲያ እንዴት ያልፋል? በአንድ ጫፉ። ከሁለቱ ጫፎቹ አንዱ ቀዳዳ አግኝቶ ይገባል፣ የቀረው አካሉም በዚያው መንገድ እየተጠማዘዘ ይከተለዋል፤ ልክ እባብ በድንጋይ ክምር መካከል እንደሚሹለከለክ። ይህ አካሄድ ሪፕቴሽን ይባላል፤ የፖሊመር ሰንሰለቶች በሌሎች ሰንሰለቶች መካከል እንዲህ እንደሚንቀሳቀሱ ፈረንሳዊው ፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዢል ደ ዤን እ.ኤ.አ. በ1971 አቀረበ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ለዲኤንኤ ኤሌክትሮፎሬሲስ አዋሉት። በመንገዱ ላይ ረጅሙ ብዙ ጊዜ ይታጠፋል፤ አንዳንዴም በአንድ ቃጫ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ከአንዱ ወገን እስኪሳብ ድረስ ይቆያል። እጅ ለእጅ የተያያዙት ሰዎች አሁን ጥቅጥቅ ያለ ደን ገቡ ማለት ነው፤ ሦስቱ በቀላሉ ያልፋሉ፣ መቶው ግን በየዛፉ ግራና ቀኝ እየተከፈሉ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ መሪውን እስኪከተሉ ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ። በዚህ ሁኔታ ተንቀሳቃሽነቱ በግምት ከርዝመቱ ጋር በተቃራኒው ስለሚቀንስ በጄሉ ላይ አጭሩ ይቀድማል። ለዚህም ነው ባንዱ የተጓዘውን ርቀት ከርዝመቱ ሎጋሪዝም ጋር ስናነጻጽር በመካከለኛው ክልል ቀጥ ያለ መስመር የሚወጣው፤ በሁለቱ ዳርቻ ላይ ግን መስመሩ ይጎብጣል፤ እዚያ ላይ ከላደሩ፣ ማለትም ርዝመታቸው አስቀድሞ ከሚታወቅ የማነጻጸሪያ ቁራጮች፣ ተነስቶ ርዝመት መገመት ያሳስታል።

በጄሉ ውስጥ ያለው የአጋሮዝ መጠን ምርጫም ከዚሁ ይመነጫል። ከ5000 በላይ ላሉት ቁራጮች 0.7 በመቶ፣ ከ1000 በታች ላሉት 2 በመቶ አጋሮዝ መጠቀም የተለመደ ነው፤ የአንድ ኑክሊዮታይድ ልዩነት ማየት ሲፈለግ ደግሞ ቀዳዳው እጅግ ወደሚጠበው፣ ፖሊአክሪላማይድ ወደተባለው ሌላ ጄል መሄድ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ናሙናው ውስጥ የምንጨምረው ሰማያዊ ቀለም፣ ብሮሞፌኖል ብሉ፣ ዲኤንኤውን አያቀልመውም፤ እሱ ራሱን የቻለ ትንሽ ሞለኪውል ሆኖ በ1 በመቶ አጋሮዝ ላይ 300 የቤዝ ጥንድ ካለው ቁራጭ ጋር ተቀራርቦ ይሮጣል። ቀለሙ ከጄሉ ጫፍ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያየ ሰው ከእሱ ቀድመው የነበሩትን ትናንሽ ቁራጮች አጥቷል ማለት ነው።

የእርስዎ ግምት በትክክል የሚሠራበት ሁኔታም አለ። በእያንዳንዱ ዲኤንኤ አንድ ጫፍ ላይ ቻርጅ የሌለው ወይም ጥቂት ቻርጅ ብቻ ያለው ግዙፍ ሞለኪውል፣ ለምሳሌ አንድ ፕሮቲን፣ እንደ መልሕቅ ብንለጥፍበትና ያለ ጄል፣ በቀጭን የመስታወት ካፒላሪ ውስጥ ብናስኬደው ረጅሙ ዲኤንኤ ይቀድማል። መልሕቁ ለሁሉም እኩል ሰበቃ ይጨምራል፤ ብዙ ጎታች ኃይል ያለው ረጅሙ ያንን ሰበቃ በቀላሉ ይሸከመዋል፣ አጭሩ ግን ይከብደዋል። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ ሳይሆን ተሞክሮ ሠርቷል። እርስዎ «ብዙ ቻርጅ ያለው ይፈጥናል» ሲሉ ሳያውቁት ያሰቡት ሰበቃው ለሁሉም አንድ የሆነበትን ዓለም ነው፤ መልሕቁ ወደዚያ ዓለም ያቀርበናል።

ፕሮቲንን በክብደት መለየት ሲያስፈልገን ደግሞ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የፕሮቲኖቹን የቻርጅ ልዩነት ሆን ብለን እናጠፋዋለን። ኤስዲኤስ የተባለው ዲተርጀንት አሉታዊ ቻርጅ አለው፤ ናሙናው ሲሞቅ የፕሮቲኑን እጥፋት ፈትቶ በ1 ግራም ፕሮቲን ላይ 1.4 ግራም ያህል ይጣበቃል፤ ይህም ለሁለት አሚኖ አሲድ በግምት አንድ ሞለኪውል ማለት ነው። የፕሮቲኑ የራሱ ቻርጅ በዚህ ብዛት ተውጦ ይቀርና ሁሉም ፕሮቲኖች እንደ ዲኤንኤ ከርዝመታቸው ጋር የሚመጣጠን ቻርጅ የተሸከሙ ይሆናሉ፤ መስኩ በመካከላቸው የሚያየው ልዩነት ስለሌለ መለየቱን ለፖሊአክሪላማይዱ ይተዋል። ኡልሪሽ ሌምሊ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው፣ እስከ ዛሬም በየላቦራቶሪው የሚሠራበት አሠራር ይህ ነው። ስኳር የተንጠለጠለባቸው ወይም ከሴል ሽፋን ውስጥ የወጡ ፕሮቲኖች ኤስዲኤሱን በተለመደው መጠን ስለማይዙ ከእውነተኛ ክብደታቸው ርቀው ይታያሉ፤ የተመጣጠነ ቻርጅ የሚለው ቅድመ ሁኔታ ሲጎድል ጄሉም ይዋሻል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። ቮልቴጅ ሲጨምር ረጃጅሞቹ የሚደበላለቁበት ዋና ምክንያት ከላይ የገለጽኩት የእባብ አካሄድ ባሕርዩን መለወጡ ነው። ደካማ መስክ ውስጥ ሞለኪውሉ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ፣ በሙቀት መንቀጥቀጥ አቅጣጫ እየቀያየረ ነው የሚጓዘው፤ ርዝመቱ የሚያስቀጣውም ይህ መንከራተት ነው። መስኩ ሲጠነክር ግን ክሩ በመስኩ አቅጣጫ ተወጥሮ ይዘረጋል። የተዘረጋ ክር በአንድ ቀጥ ያለ ዋሻ ውስጥ እየተንሸራተተ ሲሄድ ጎታቹ ኃይልም ሰበቃውም እንደገና ከርዝመቱ ጋር እኩል ያድጋሉ፤ እንደገናም አሥር ለአሥር ይካፈላል፤ በነፃ ፈሳሽ ውስጥ የነበረው ዕውርነት ተመልሶ መጣ። በተለመደው የ5 ቮልት በሴንቲሜትር መስክ ከ20,000 የቤዝ ጥንድ ገደማ በላይ ያሉት በአንድ ወፍራም ባንድ ተጠቃለው የሚታዩት በዚህ ነው፤ ቮልቴጁ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይህ ድንበር ወደ አጫጭሮቹ ይወርዳል። በተቃራኒው በሴንቲሜትር 1 ቮልት አድርገው ሌሊቱን ቢያሳድሩት ረጃጅሞቹ በተሻለ ይለያያሉ። በእኔ ልምድ ለረጃጅም ቁራጮች ከዝቅተኛ ቮልቴጅና ከትዕግሥት የበለጠ መላ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳይዎት። 100 ቮልትና 100 ሚሊአምፔር ሲባዙ 10 ዋት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 36,000 ጁል ይሆናል። ታንኩ ውስጥ 400 ሚሊሊትር በፈር ካለና ምንም ሙቀት ወደ ውጭ ካልወጣ ይህ ፈሳሹን 21 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ቮልቴጁን ወደ 200 ስናደርገው ከረንቱም እጥፍ ስለሚሆን ኃይሉ 40 ዋት ይደርሳል፤ ጊዜው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ጠቅላላው ሙቀት 72,000 ጁል ነው፤ ያውም ለመብረድ ያለው ጊዜ ግማሽ ነው። ተንቀሳቃሽነት በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ስለሚጨምርና የጄሉ መሐል ከዳር ይልቅ ስለሚሞቅ የመሐሎቹ ረድፎች ይቀድማሉ፣ ባንዶቹም ፈገግታ የመሰለ ቅስት ይሠራሉ። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አሥር እጥፍ ተጠናክሮ የተዘጋጀ በፈር ሳላቀጥን ታንኩን ሞልቼው ነበር። ኃይል ሰጪው መሣሪያ ላይ ያለው የከረንት ቁጥር ወደ ላይ ተወረወረ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የታንኩ ክዳን በእንፋሎት ጠብታ ተሸፈነ፤ ከፍቼ ሳየው ጄሉ ለስልሶ በናሙና ጉድጓዶቹ በኩል ተጣሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታንኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ የማየው ቮልቱን ሳይሆን ከረንቱን ነው፤ የበፈሩን ስህተት የሚናገረው እሱ ነው። የናሙናው ጨው ሲበዛም ተመሳሳይ ነገር በትንሹ ይፈጠራል፤ ጨው ባለበት ቦታ ፈሳሹ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ በዚያ ረድፍ መስኩ ይደክማል፣ ባንዱም ከጎረቤቱ ወደ ኋላ ቀርቶና ተንጋዶ ይታያል።

ሌላም በዓይን የሚታይ ነገር አለ። ኃይሉ ሲለቀቅ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ አረፋ ይነሳል፤ ውሃው እየተበተነ ነው። በአሉታዊው በኩል ሃይድሮጅን፣ በአዎንታዊው በኩል ኦክስጅን ይወጣል፤ የሃይድሮጅኑ መጠን እጥፍ ስለሆነ አረፋው የበዛበት ወገን አሉታዊው ነው፤ የናሙና ጉድጓዶቹ መገኘት ያለባቸውም በዚያ በኩል ነው። የሽቦዎቹን ቀለም ከማመን አረፋውን ማየት ይሻላል፤ ዲኤንኤው በተገለበጠ አቅጣጫ ከጄሉ ወጥቶ ከመጥፋቱ በፊት ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

ቮልቴጅ ዝቅ ቢልም እንኳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቤዝ ጥንድ ያላቸውን መለየት አይቻልም ነበር። ዴቪድ ሽዋርትዝና ቻርልስ ካንተር እ.ኤ.አ. በ1984 ያመጡት መፍትሔ የሚያስደንቀኝ ችግሩን ራሱን መሣሪያ ማድረጉ ነው። መስኩን በአንድ አቅጣጫ ከማቆየት ይልቅ በየተወሰነ ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይሩታል። በአንድ አቅጣጫ ተወጥሮ የነበረ ክር ወደ አዲሱ አቅጣጫ ለመዞር ጊዜ ይወስድበታል፤ ረጅሙ ብዙ፣ አጭሩ ጥቂት። እያንዳንዱ መዞሪያ ላይ ረጅሙ ስለሚዘገይ የእርሾን ሙሉ ክሮሞዞሞች ሳይቀር በጄል ላይ ለይቶ ማየት ተቻለ፤ ዘዴው ዛሬ እስከ 10 ሚሊዮን የቤዝ ጥንድ ድረስ ይሠራል።

የቀረው ፕላዝሚዱ ነው። ሦስቱ ባንዶች ሦስት ዓይነት ሞለኪውል ሳይሆኑ የአንዱ ሞለኪውል ሦስት ቅርጾች ናቸው። በባክቴሪያው ውስጥ እንደነበረው በራሱ ላይ የተጠመጠመው ክብ ጥቅጥቅ ያለና ጠባብ ነው፤ ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ ላይ ብቻ የተበጠሰው ጥምጥሙ ተፈትቶ ሰፊ ክብ ይሆናል፤ ሁለቱም ዘንጎች የተበጠሱበት ደግሞ ቀጥተኛ ክር ነው። ሦስቱም የቤዝ ጥንዳቸው እኩል ነው፤ ቻርጃቸውም እንደዚያው። መስኩ እኩል ይጎትታቸዋል፤ ጄሉ ግን የሚጠይቀው ቻርጃቸውን ሳይሆን በቀዳዳው እንዴት እንደሚያልፉ ነው። በተለመደው ሁኔታ የተጠመጠመው ይቀድማል፣ ቀጥተኛው ይከተላል፣ የተፈታው ክብ ደግሞ ገብቶ የሚመራው ጫፍ ስለሌለውና በቃጫ ላይ ሊሰካ ስለሚችል የመጨረሻው ይሆናል። ይህ ቅደም ተከተል ግን በጄሉ የአጋሮዝ መጠን፣ በቮልቴጁና በምንጠቀምበት የማቅለሚያ ንጥረ ነገር ሊለወጥ ስለሚችል ባንዶቹን በቦታቸው ብቻ ስም መስጠት አይገባም። የላደሩ ቁራጮች ሁሉ ቀጥተኛ ስለሆኑም ያልተቆረጠውን ፕላዝሚድ በእነሱ መለካት ከእውነተኛው የራቀ ርዝመት ይሰጣል።

ለማረጋገጥ ከዚያው ናሙና ጥቂቱን ወስደው ፕላዝሚዱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ በሚቆርጥ ኢንዛይም ይቁረጡትና ካልተቆረጠው ጎን ለጎን ያስኪዱት፤ ሦስቱ ባንዶች ጠፍተው በትክክለኛው ርዝመት ላይ አንድ ባንድ ብቻ ከቀረ ናሙናዎ ንጹሕ ነው። ከቀድሞዎቹ ቦታዎች አንዱ ላይ የደበዘዘ ባንድ ከታየ ቆረጣው አልተጠናቀቀም፤ ኢንዛይሙን ወይም ጊዜውን ይጨምሩለት። አዲስ ቦታ ላይ ሌላ ባንድ ብቅ ካለ ግን ያኔ ሁለተኛ ሞለኪውል ገብቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።